የኤርሳዶ ዝናብ

በዚያ በልግ ተበላ በምትባለው የወላይታ ቆላ ላይ ያልጠፋ ነገር ቢኖር ፀሐይ ነው። መጋቢት ተጋመሰ፣ ሰማዩ ግን ወይ ፍንክች! ደመናው ከወደ ሶዶ ብቅ ይላል፣ የዳሞታን ተራራ ተደግፎ ትንሽ ያርፋል፣ ከዚያ ወደ ቆላው መውረዱን ሲያስበው ስንፍና ይዞት ነው መሰል እዚያው ይቀራል። ገበሬው ደጋግሞ አርሶ፣ አለስልሶ፣ በሬውን ፈትቶ ይጠብቃል።

ከገበሬው ሁሉ ብሳ የምታንጋጥጠው ግን አንድ ጥማድ መሬት የሌላት ብርቄ ነበረች። አያቷ ከሰሜን ለሹመት መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እሷም እዚሁ ተወልዳ፣ ሰላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆና ጡረታ ወጥታለች። ጓሮዋ ውስጥ የዝናብ መለኪያ አለ። ሶዶ ያለው የአየር ጠባይ ቢሮ ነው ከአስራ አንድ ዓመት በፊት በአደራ የተከለው፤ ክፍት አፉን ወደ ሰማይ አድርጎ እንጨት ላይ የቆመ የቆርቆሮ ዕቃ ነው። ሰፈርተኛው "የብርቄ ጣሳ" ይለዋል። እሷ ፊት ጣሳ ያለ ሰው ግን ግልምጫዋን ጠጥቶ ይሄዳል።

ጠዋት ጠዋት ልክ በሦስት ሰዓት መነጽሯን ትሰካና በጣሳው፣ ይቅርታ፣ በመለኪያው የተጠራቀመውን ውሃ መስመር ወዳለው ብርጭቆ ገልብጣ ታነባለች። ቁጥሩን መዝገብ ላይ ትጽፋለች፤ ከዚያ ስልኳን አውጥታ የወላይታ ዝናብ ለኪዎች ሁሉ ወደሚገናኙበት ቴሌግራም ትልካለች። ሶዶ ላይ ትሕትና የምትባል ወጣት ባለሙያ ቁጥሮቹን ከየቦታው ሰብስባ፣ ከሳተላይቱ ምስል ጋር አስተያይታ፣ በየገበሬው ስልክ በወላይትኛ የድምፅ መልእክት ትሰዳለች፤ "ዝሩ" ወይም "ቆዩ"።

ይቺ መልእክት ቀላል ነገር እንዳትመስላችሁ። ድሮ ዝናቡ ቀኑን ያውቅ ነበር፤ አሁን ቀኑ የጠፋበት ዝናብ ነው። አምና ሰው በአንዲት ካፊያ ተታሎ ዘራ፣ ከዚያ ሃያ ቀን ደረቀ፣ ቡቃያው ተቃጠለ። ደግሞ የሚዘራ ዘር የተረፈው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ልጆች ክረምቱን በስኳር ድንች ብቻ ከረሙ። ዘንድሮም በየቤቱ ያለችው የበቆሎ ዘር ለአንድ ጊዜ ብቻ የምትበቃ ናት። እሷ ከተበላሸች ተበላሸች፣ ሌላ የለም።

ብርቄን የሚያቃጥላት ግን የቴሌግራሙ ነገር ነው። "ዱቦ 22። አረካ 31። ሶዶ 19። ተበላ 0።" በማግስቱም "ተበላ 0።" አስራ ስምንት ቀን ሙሉ ዜሮ! የአረካው ለኪ መልአኩ ደግሞ፣ እሱም እንደሷ ጡረተኛ ነው፣ ነገር ካልቆሰቆሰ ቁርሱ አይወርድለትም። "እትዬ ብርቄ፣ ጣሳው ተደፍቶ እንዳይሆን እስቲ ወጣ ብለው ይዩት" ይልና በሳቅ የሚያነባውን ፊት ይለጥፍበታል። ብርቄ ስልኩን ሶፋው ላይ ትወረውራለች። "ዝናቡን ከኪሱ አውጥቶ የሚያዘንበው ይመስል!" ትላለች። ወዲያው ደግሞ መልሳ ታነሳዋለች፤ ሌላ ምን እንደተባለ ሳታይ መዋል አይሆንላትም።

ይህን ሁሉ አጥር ብቻ የሚለያቸው ጎረቤቷ ኤርሳዶ ያያል። ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ቃሉ የሚሰማ የአገር ሽማግሌ ነው። በየጠዋቱ ከሚስቱ ከሳህሊቱ ጋር አጥሩ ላይ ብቅ ይላሉ።

"ዛሬስ?"

"ባዶ።"

"ባዶውን ላክሽው?"

"ምን ላድርግ ታዲያ ጋሼ ኤርሳዶ? ባዶ ከሆነ ባዶ ነው የምልከው።"

ኤርሳዶ ራሱን ይነቀንቃል፤ ሳህሊቱ ከንፈሯን ትመጣለች። ከዚያ ባልና ሚስቱ ሹክ ሹክ እያሉ ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ብርቄ አዝነውልኝ ነው ብላ አለፈችው።

ሰኞ ዕለት እንደ ልማዷ ባዶ መለኪያ ልትገለብጥ ብድግ ስታደርገው ውሃ ተንቦጫረቀ። ደነገጠች። መሬቱን አየች፤ አቧራ ነው። የጎመኑን ቅጠል ዳሰሰች፤ እሱም አቧራ ነው። ሰማዩ ላይ እፍኝ የምትሞላ ደመና የለችም። ብርጭቆው ግን አስራ ሁለት ሚሊ ሜትር ይላል፤ ጥርት ያለ አስራ ሁለት!

ብርቄ ሞኝ አይደለችም፣ ልብ በሉ። አስራ ሁለት ሚሊ ሜትር በዘነበበት ግቢ ዶሮ አቧራ ውስጥ እንደማትንከባለል ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ዶሮዎቿ ደግሞ እዚያው እግሯ ሥር እየተንከባለሉ ነው። ግን ሰው ናት። "እንቅልፍ ሲወስደኝ ሾልኮ ጥሎ ይሆናል" አለች። "መሬቱም ጠምቶት ዋጥ አድርጎት ይሆናል" አለች። ጣቷን ነከር አድርጋ ቀመሰችው፤ ሸክላ ሸክላ ይላል። "የሰማይ ነገር ማን ያውቃል!" አለችና "ተበላ 12" ብላ ላከችው።

እንዴት ያለ ደስታ መሰላችሁ! ትሕትና አበባ ላከች። ዱቦ "እንኳን ደስ ያላችሁ" አለ። መልአኩ ጭጭ። የመልአኩ ዝምታ ከዝናቡ በልጦ አረሰረሳት።

ማክሰኞ አስራ አምስት ሆነ። ረቡዕ ሃያ አንድ። ረቡዕ ዕለት መሬቱን ማየቷን ትታ በቀጥታ ብርጭቆውን ብቻ አየች። ያም አልበቃት፤ "አረካ ዛሬ 4 ብቻ? መልአኩ፣ ጣሳህ ተቀዶ እንዳይሆን" ብላ በሳቅ የሚያነባውን ፊት ራሷ ለጠፈች። ያን ቀን ምሳዋን በሁለት እጅ በላች ማለት ይቻላል።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ትሕትና ደወለች።

"እማማ ብርቄ፣ እልልታዎን ያሰሙኝ! ዛሬ ጠዋት ለተበላና ለዙሪያው 'ዝሩ' ብለን መልእክቱን ለቀናል።"

ብርቄ የምትቀመጥበት ፈለገች። "ሳተላይቱስ? ሳተላይቱ ምን ይላል?"

"ሳተላይቱማ ደመና የለም ነው የሚለው። ሁላችንም ግራ ገብቶን ነበር። የተከራከርኩት እኔ ነኝ። 'ሳተላይት ከላይ ነው የሚያየው፣ እማማ ብርቄ መሬቱ ላይ ናቸው፤ በአስራ አንድ ዓመት አንድ ቀን ተሳስተው አያውቁም' አልኳቸው።"

ስልኩን ዘጋች። "አፈር ልብላ!" አለች። መልአኩን ለማናደድ የላከቻት ቁጥር የስንቱን ቤት ዘር ይዛ ልትጠፋ እንደሆነ አሁን ነው የገባት። ቢያንስ የጎረቤቴን ዘር ላድን ብላ፣ ነጠላዋን በወጉ ሳታጣፋ ወደ ኤርሳዶ ማሳ ሮጠች።

መንገዷ በደገፉ ማሳ በኩል ነው። ደገፉ ሰፈሩ ውስጥ ለማረስም ለመናገርም የሚቀድመው የሌለ ጎልማሳ ነው። በሬዎቹን እየፈታ አገኘችው።

"ደገፉ! እንዳትዘራ! ቆይ!"

"ጨርሻለሁ እኮ እትዬ! ያለችኝን ሁሉ አለበስኳት። ቢሮው ዝሩ አለ አይደል?" አላት እየሳቀ።

ብርቄ የደገፉን አምስት ልጆች አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች። ሩጫዋን ቀጠለች።

ኤርሳዶ በሬዎቹን ጠምዷል። የዘር ጆንያው ከዛፍ ሥር ተቀምጧል፤ አፉ ገና ሊፈታ ነው።

"ጋሼ ኤርሳዶ፣ በፈጠረህ አቁም!"

"ምን ሆነሻል ብርቄ? በዚህ ፀሐይ ሩጫ ምንድነው? ነይ ጥላው ጋ፣ መጀመሪያ ውሃ ጠጪ" አለና ከገንቦው በቅል ቀድቶ ሰጣት።

ሁለቴ ተጎነጨች። በሦስተኛው ቆመች። ውሃውን አፏ ውስጥ አንከባለለችው፣ ዋጠችው፣ ቅሉን ትኩር ብላ አየችው። ሸክላ ሸክላ ይላል! ሰኞ የቀመሰችው ዝናብ ይኸው ቅል ውስጥ ቁጭ ብሏል።

"ጋሼ ኤርሳዶ" አለች ቀስ ብላ፣ "እኔ ጓሮ ያለው ዕቃ ውስጥ ውሃ የጨመርከው አንተ ነህ?"

ሽማግሌው አላፈረም። እንዲያውም እንደተመሰገነ ሰው ፈገግ አለ። "ደረስሽብኝ? ሳህሊቱ እንዳታውቅብህ ብላኝ ነበር።"

"ለምን?!"

"ለምን ትያለሽ እንዴ! የሰው ዕቃ ባዶውን ይመለሳል? ጎረቤት በሳህን ቆሎ ቢልክልሽ ሳህኑን ባዶውን ትመልሻለሽ? ቢሮው ከሶዶ ድረስ ዕቃ አምጥቶ እኛ ሰፈር አስቀመጠ፤ አንቺ ደግሞ በየቀኑ ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ! አስራ ስምንት ቀን! ተበላ ሰው የለም ወይ አይሉም? እኔና ሳህሊቱ አፈርን። ጎህ ሲቀድ በአጥሩ ገባ ብዬ አንድ ብርጭቆ ጠብ አደረግሁበት። ሰኞ ሰጥቼ ማክሰኞ ልቀንስ? ያስነውራል፤ ጨመር አደረግሁ።"

ብርቄ መሳቅም ማልቀስም አማራት። "ታዲያ አሁን በሬ የጠመድከው ለምንድነው?"

"ዝናብ ገባ አይደል?"

"ማን አለህ?"

"ቢሮው ነዋ! ስልኬ ላይ ተናገረ። እነሱ በሳተላይት ነው የሚያውቁት።"

"ቢሮው ከማን ሰማ?"

"ከሰማይ!"

"ከእኔ ነው የሰማው። እኔ ደግሞ ከጣሳው ሰማሁ። ጣሳው ከማን ሰማ፣ ጋሼ ኤርሳዶ?"

የኤርሳዶ ዓይን ከቅሉ ወደ ገንቦው፣ ከገንቦው ወደ ዘሩ ሄደ።

"ከእኔ" አለ።

"እዚያ ዕቃ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ውሃ ማለት ለመላው ተበላ አንድ ደህና ዝናብ ማለት ነው። ሦስት ቀን አንተ ነህ የዘነብከው!"

"እኔው ዘንቤ፣ ለእኔው ተነግሮኝ፣ እኔው ልዘራ?" አለ ሽማግሌው፣ ጆንያው አጠገብ ዘፍ ብሎ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ትንሽ ቆይቶ ቀና አለ። "ግን ብርቄ፣ ባዶ ነው ብሎ መላክ ምን ይረባል? ባዶ ወሬ ነው እንዴ?"

"እሷ ባዶ እኮ ናት ዘርህን የምትጠብቅልህ! እኔ ባዶ ስል ትሕትና 'ቆዩ' ትላለች፣ ሰው ዘሩን ይዞ ይቆያል። የአረካ ዝናብ የአረካ ነው፤ የእኛን ድርቅ ከእኛ በቀር ማን ይናገርልናል?" አለች። "ደግሞ አንተን ብቻ አልወቅስም። ሰኞ ዕለት ዝናብ እንዳልሆነ አውቄያለሁ። አረካን ልብለጥ ብዬ ነው የላክሁት።"

ኤርሳዶ ዓይኑን አጠበበ። "በለጥን?"

"ረቡዕ በአስራ ሰባት።"

"እሰይ!" አለ፤ ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ። "ይቅር ይበለን።"

ብርቄ እዚያው ጥላው ሥር ስልኳን አወጣች። እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "ተበላ፦ ሰኞ 0፣ ማክሰኞ 0፣ ረቡዕም 0። ውሃው ከጎረቤቴ ገንቦ የተቀዳ ነው፤ መሬቱ ደረቅ መሆኑን እያየሁ የላክሁት ግን እኔ ነኝ። ትሕትና ልጄ፣ መልእክቱን ባስቸኳይ አርሙልን።" ላከችውና የመልአኩን ፊት ጠበቀች፤ ያ በሳቅ የሚያነባውን።

አልመጣም። መጀመሪያ ትሕትና "አሁኑኑ" ብላ ጻፈች። ከዚያ መልአኩ፣ "እኔም ልናገር። የዚያን ቀን 31 ያልኩት 21 ነበር። ብርቄን ለማናደድ ነው" አለ። የዱቦው ለኪ ተከተለ፤ "እኔ ባለፈው እሁድ ሰርግ ነበረብኝ፣ 8 ያልኩት በግምት ነው።" ትሕትና የመጨረሻውን ጻፈች፦ "ከነገ ጀምሮ ሁላችሁም ከነፎቶው! ብርጭቆውም፣ መሬቱም፣ ሰማዩም ይታየኝ!" እንዲህ ያለ የንስሐ ቀን ቴሌግራም ላይ ታይቶ አይታወቅም።

ማረሚያው ከሰዓት በየስልኩ ደረሰ። መድረሱስ ደረሰ፤ ማን ይመነው? "ጠዋት ዝሩ፣ ከሰዓት ቆዩ? ሰዎቹ ቀልድ ይዘዋል እንዴ!" አለ አገሬው። መጠበቅ ሰልችቶታል፤ እጁን በልቶታል። ነገ ከገበያ መልስ እዘራለሁ የማይል አልነበረም። ብርቄ ይህን ስትሰማ ቤቷ መቀመጥ አቃታት።

"ነገ ገበያ ላይ ቆሜ እናገራለሁ" አለችው ኤርሳዶን። "አንተ ሽማግሌ ነህ፣ በሰው ፊት ባትዋረድ ይሻላል።"

ኤርሳዶ አሰበበት። "አንቺ ብትናገሪ ይሰሙሻል፣ ይረሱሻል። እኔ ብናገር ይስቁብኛል። የሳቁበት ነገር ነው ቤት ድረስ የሚሄደው" አላት።

በማግስቱ ገበያው ሞቅ ሲል፣ ኤርሳዶ ገንቦውን ተሸክሞ እህል ተራ መሃል ድንጋይ ላይ ወጣ። ሳህሊቱ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ከኋላው ቆመች፤ ብርቄ ከጎኗ።

"ዝናብ ገብቷል ያላችሁ ማነው?" ሲል በወላይትኛ ጮኸ።

"ቢሮው!" አለ ሰው።

"ያ ዝናብ ማን እንደሆነ ላሳያችሁ?" አለና ገንቦውን አዘንብሎ ውሃውን አቧራው ላይ ለቀቀው። "እኔ ነኝ! ሦስት ቀን ሙሉ ተበላ ላይ የዘነብኩት እኔ ኤርሳዶ ነኝ!"

ሽማግሌው ለየለት ብለው ነው መሰል፣ አንድ ሁለት ሰዎች ሊደግፉት ጠጋ አሉ። እሱ ግን ከአጥሩ ጀምሮ እስከ ሳተላይቱ አንድም ሳያስቀር ተረከው። "ሰኞ አንድ ብርጭቆ፣ ማክሰኞ ጨመር አድርጌ" ሲል አንዲት ቅቤ ሻጭ ፈነዳች፤ ከዚያ እህል ተራው፣ ከዚያ ሸክላ ተራው፣ ከዚያ ሁሉም። ብርቄም ሳቁ ጋብ ሲል ጠብቃ የራሷን ድርሻ ተናገረች፣ የአረካውን ፉክክር ሳይቀር። በሷም ሳቁ። ጆሮዋ ጋለ፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ተናገረች። "ዘራችሁን ያዙ፤ ሲዘንብ እኔ ጓሮ መጥታችሁ በዓይናችሁ ታያላችሁ" አለች።

ወሬው በሚኒባስና በእግረኛ አፍ ሆኖ ከገበያተኛው ቀድሞ በየቀበሌው ገባ። ስልክ የሌለውም ሰማ። "ኤርሳዶ ደመና ያዘ ወይ?" መባባል ሰላምታ ሆነ። ከዚያ ወዲያ የዘራ ሰው ግን አልነበረም፤ ስቆ የሄደው ሁሉ ዘሩን ይዞ ሄደ። አንድ ያልሳቀ ሰው ደገፉ ነበር። ገበያው መሃል ተገትሮ ሰማና ወጥቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ረጃጅም ነበሩ። ብርቄ በየጠዋቱ በብርጭቆው ጎን ደረቁን መሬት ፎቶ ታነሳለች። ኤርሳዶ በአጥሩ ላይ "ዛሬም ባዶ?" ይላል። "ባዶ!" ስትለው፣ "ላኪው፣ ላኪው፣ አታቆይው!" ይላል በጥድፊያ። አስራ ሰባት ቀን ሙሉ እንዲህ ሆነ። የደገፉን ዘር እርግብና ጉንዳን እየተቀባበሉ ለቀሙት። ደገፉ በብርቄ ደጅ ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል፤ ኤርሳዶን ሰላም አይልም። ብርቄ ባየችው ቁጥር ጠርታ ይቅርታ ልትለው ታስብና ድፍረቱን ታጣለች።

በአስራ ስምንተኛው ቀን ሰማዩ ተቀደደ። የጣሪያው ድምፅ ሰውን ከሰው አያሰማማም ነበር። በሦስት ሰዓት ብርቄ በሯን ስትከፍት ጓሮዋ በሰው ሞልቷል፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት። ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አነሳችው፤ ሃያ ሰባት! አንድ በአንድ እየተጠጉ አዩት፣ አንዳንዱም ጣቱን ነክሮ ቀመሰው። ሸክላ ሸክላ አይልም ተባለ። ቁጥሩ ሄደ፣ ሳተላይቱም ደመናውን መሰከረ፤ ብዙም ሳይቆይ በየኪሱ ስልኩ ጮኸ፦ ዝናቡ ይቀጥላል፣ ዝሩ። ሰው እየተሯሯጠ ወደ በሬው ተበተነ።

ደገፉ ብቻ ቀረ። የአጥሩን እንጨት ይዞ፣ ሰው ሁሉ የሄደበትን መንገድ ያያል። የሚሮጥበት ነገር የለውም። ብርቄ አሁንስ ድፍረቱም ቢቀር ብላ ልትጠጋው ስትል፣ ኤርሳዶ ጆንያ ተሸክሞ በጭቃው እየተንሸራተተ መጣና ደገፉ እግር ሥር አወረደው።

"ግማሹ ነው" አለ እያለከለከ። "ሌላው ግማሽ እኔ ጋ ነው።"

"ምንድነው ይሄ?" አለ ደገፉ።

"ዘር ነዋ።"

"አልወስድም። አንተስ ምን ልትሆን ነው?"

"ዘርህን ያጠፋብህ የእኔ ዝናብ ነው" አለ ኤርሳዶ። "ሌላ የምከስስልህ ደመና የለኝም።"

"የኔም ቁጥር ነው" አለች ብርቄ፤ እንባዋ መነጽሯን አጨለመባት። "ይቅር በለኝ ደገፉ። ዘር የለኝም፤ እጅ ግን አለኝ። አንተ እረስ፣ እኔ ከኋላ እየተከተልኩ እዘራልሃለሁ።"

ዝናቡ እንደገና ማካፋት ጀመረ፤ የሦስቱንም ራስ አንድ ላይ አረጠበ። ደገፉ ጎንበስ ብሎ ጆንያውን ትከሻው ላይ አወጣ፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደና ዞር አለ።

"ጋሼ ኤርሳዶ።"

"ወዬ።"

"ሁለተኛ ለመዝነብ ስታስብ ግን፣ እባክህ አስቀድመህ ንገረኝ።"